ፍሬኑ ይያዝ እንጂ ሳይክሉስ ርካሽ ይሁን

መርካቶ ላይ የልጅ ሳይክል ከካርቶን ሲወጣ ገና ግማሽ ሳይክል ነው። መሪው ተፈትቶ፣ ፔዳሎቹ በፌስታል ተቋጥረው፣ የፊት ጎማው ከብረቱ ጋር ታስሮ ይመጣል። ሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ወጣት አንድ ፒንሳና አንድ ቁልፍ ይዞ በሩብ ሰዓት ይገጣጥመዋል፤ ጎማውን ይነፋል፤ ደወሉን አንዴ ያንቃጭልና ለልጁ ያቀብለዋል። እናትና አባት በዚህ መሀል ዋጋ ይከራከራሉ። ልጁ ከመሪው ጫፍ በተንጠለጠሉት ባለ ቀለም ክሮችና ከፊት በተገጠመችው ቅርጫት ልቡ ጠፍቷል። ፍሬኑን ጨበጥ አድርጎ የሚሞክር ግን አይታይም።

እንዲህ ያለው ርካሽ ሳይክል ለልጅ ይበቃል ወይ የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። ግማሹ ሰው «ልጅ ነው፤ ነገ ሰባብሮ ለሚጥለው ነገር ምን ውድ ያስገዛል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ለልጅ ከሆነ ደህናው ይገዛ፤ ካልተቻለ ይቅር» ባይ ነው። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን የሚለኩት በዋጋ ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚያው ላይ ነው። ርካሽ ሳይክል ለልጅ ይበቃል። የማይበቃው ፍሬኑ የማይዝ፣ ከልጁ ቁመት ጋር የማይሄድ፣ የሌለውን ነገር ያለው አስመስሎ የሚሸጥ ሳይክል ነው። እሱ ደግሞ በውድ ዋጋም ሲሸጥ ኖሯል።

«ካልተቻለ ይቅር» የሚሉት ወገኖች ወደ ህንድ ቢመለከቱ ይጠቅማቸዋል። ከሀገሪቱ ድሃ ግዛቶች አንዷ የሆነችው ቢሃር እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ መስጠት ጀመረች። በዚያ ገንዘብ የሚገዛው በየገጠሩ የሚታየው ተራ የብረት ብስክሌት እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ውጤቱን መርምረው በ2017 አሳተሙ። በዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመዘገቡ ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ አድጓል። በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረው የምዝገባ ልዩነትም በ40 በመቶ ጠቧል። ለውጡ ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤት በራቀባቸው መንደሮች ነው። የተሻለ ሞዴል እስኪገኝ ይጠበቅ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ ልጃገረዶች ብዙዎቹ ስምንተኛ ክፍል ላይ በቀሩ ነበር።

አፍሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለዛምቢያና ለሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ገጠር «ባፋሎ» የሚባል ብስክሌት ያቀርባል። ማርሽ የለውም። ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከኋላው 100 ኪሎ ይጫንበታል። በዛምቢያ ገጠር በልጃገረዶች ላይ በተካሄደ ጥናት ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በሲሶ ገደማ ቀንሷል፤ ከክፍል መቅረትም ከሩብ በላይ ቀንሷል። ባፋሎን ያየ ሰው አማረኝ አይልም። ገንዘቡ የገባው ብረቱ፣ ጎማውና ፍሬኑ ላይ ነው፤ ለጌጥ የተረፈ የለም። ርካሽ ዕቃ ሲሠራ ምኑ ላይ ይቆጠብ የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ብስክሌት ላይ በግልጽ ይታያል።

ይሁንና የ14 ዓመት ልጃገረድና የ5 ዓመት ሕፃን አንድ አይደሉም። ለትልቋ ከባድ ብረት ጥንካሬ ነው፤ ለትንሹ ግን ሸክም ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ክብደቱ 18 ኪሎ ገደማ ነው። ከየሱቁ የሚገዛው ባለ 16 ኢንች የብረት ሳይክል ከነጭቃ መከላከያውና ከነደጋፊ ጎማዎቹ 10 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ልጁ የራሱን ክብደት ከግማሽ በላይ እየገፋ ነው ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን አባት በዚያው ስሌት 39 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ላይ ወጥቶ ዳገት ይሞክር ቢባል ሁለተኛ አይሞክርም። ብዙ ልጅ «ሳይክል አይወድም» ተብሎ ዕቃው በረንዳ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አውሮፓውያን ይህን ክብደት ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። እንግሊዝ ውስጥ አይላ ራውንትሪ የተባለች ብስክሌተኛ የመሠረተችው አይላባይክስ፣ ኦስትሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው ዉም፣ ለልጅ እጅ የሚሆን የፍሬን መያዣ፣ ለልጅ እግር የሚሆን አጭር የፔዳል ክንድ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ አካል ይዘው መጡ። የዉም ባለ 16 ኢንች ብስክሌት ከ6 ኪሎ በታች ነው። ዋጋው ታዲያ ወደ 400 ዩሮ ይጠጋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ወደ ብር መልሶ ማሰብ ራሱ ያደክማል። ደግሞም አያስፈልግም። ከእነዚህ ብስክሌቶች መወሰድ ያለበት ሐሳቡ ነው፤ ሐሳቡን በርካሹም ላይ መፈለግ ይቻላል። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ሳይክሎችን በእጅ አንስቶ ቀለል የሚለውን መምረጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅርጫቱን፣ ከኋላ ያለውን የአሻንጉሊት መቀመጫና ከባዱን መጫኛ ማስፈታትም እንደዚያው።

ከክብደቱ የባሰው ደግሞ ልኩ ነው። የኛ ወላጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲገዛ እጅጌው ከጣት ያለፈውን መርጦ «ያድግበታል» እንደሚለው ሁሉ ሳይክልም በዚያው ዓይን ይገዛል። ልብስ ቢሰፋ ይታጠፋል። የሰፋ ሳይክል አይታጠፍም። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የማይነካ ጀማሪ በደነገጠ ቁጥር የሚያመልጠው ወደ ጎን ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ያለው አስፋልት ነው። መሪው ስለሚርቀው ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ እጁ ስለሚወጠር ሲዞር ይንገዳገዳል። የኢንች ቁጥሩ የሚናገረው የጎማውን ዲያሜትር እንጂ የልጁን ልክ ስላልሆነ «ለስድስት ዓመት ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ በስልክ ማዘዝ አያዋጣም። ልጁን ይዞ መሄድ፣ ኮርቻውን እስከ ታች ማስወረድ፣ ማስቀመጥ፣ እግሩን ማየት ነው። ሁለቱም ጫማዎቹ መሬት ካረፉ ይሆነዋል። ለዓውዳመት ድንገተኛ ስጦታ ይሁን የሚሉ ወላጆች ቢያንስ የልጁን የውስጥ እግር ርዝመት በሜትር ለክተው ይሂዱ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የልጅ ሳይክል ላይ የሚገጠመው የተለመደው ፍሬን በሽቦ የሚሳብ፣ ቸርኬውን በሁለት ጎማ የሚቆነጥጥ ነው። አሠራሩ ላይ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ መያዣው ለአዋቂ እጅ የተሠራ ስለሆነ የልጁ ጣት ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው፤ ቢነካውም ለመሳብ ጉልበት ያጥረዋል። ሁለተኛ፣ መያዣው ፕላስቲክ ከሆነ ሲጨበጥ ራሱ ይለመጣል፤ የልጁ ኃይል ፍሬኑ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ሦስተኛው ቸርኬው ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ውሃ ሲነካው የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል። በበጋ ደህና ይይዝ የነበረ ሳይክል ክረምት ሲገባ ሌላ ሳይክል ይሆናል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ይህን ያህል አያንሸራትትም። በገበያ ላይ የሁለቱ መልክ ይለያያል፤ መስታወት መስሎ ፊት የሚያሳየው የመጀመሪያው ነው።

ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን ለትንንሽ ልጆች የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የልጅ እግር ከልጅ እጅ ይበረታል። ዝናብም አያገኘውም፤ ሥራው ያለው ከጎማው መሀል ተሸሽጎ ነው። አሜሪካ ለትንንሽ ልጆች ብስክሌት ኮርቻው ከ56 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ይህን የእግር ፍሬን በሕግ ታስገድዳለች። ከዚያ ያነሰውና ፍሬን የሌለው ደግሞ «ፍሬን የለውም» የሚል፣ ከሦስት ሜትር ርቀት የሚነበብ ጽሑፍ ሊለጠፍበት ይገባል፤ ካርቶኑም ላይ ሳይቀር። አውሮፓውያን በበኩላቸው በዚህ ልክ ላለ የልጅ ብስክሌት ከፊትና ከኋላ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ፍሬኖች እንዲኖሩት ይጠይቃሉ። የእግሩ ብቻ ቢሆን ካቴናው ሲወልቅ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋልና ሁለተኛው አይበዛም።

ስለ ካቴናው ከተነሣ አንድ ነገር በቅንፍ ይግባ። ርካሽ ሳይክሎች ላይ መጀመሪያ ከሚወልቁት ነገሮች አንዱ የካቴናው መሸፈኛ ነው፤ ሲንኳኳ ወላጅ ራሱ ይፈታውና ይጥለዋል። ረዘም ያለ ቀሚስ ወይም ያልታሰረ የጫማ ክር እዚያ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው መልሶ ያስገጥመዋል።

በፍሬን ጉዳይ ከተማውም ዋጋ አለው። ባሕር ዳር ጣና ዳር ለጥ ባለ ሜዳ የተሠራች ከተማ ናት፤ ልጅ፣ ተማሪና ሠራተኛ በሳይክል ሲመላለስባት ኖሯል። ሐዋሳም ለብስክሌት ትመቻለች። በእነዚያ ከተሞች የደከመ ፍሬን ያለው ሳይክል መጥፎ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አደጋ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ ወይም ፒያሳ አካባቢ የሚኖር ልጅ ከቤቱ በር ጀምሮ ቁልቁለት ላይ ነው። ነፋስና ሰበቃ ካልያዙት በቀር ከ10 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ሳይክል ታች ሲደርስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። አሥር ሜትር ማለት የባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቁመት ነው፤ ብዙ የሰፈር ቁልቁለት ከዚያ ይበልጣል። አንድ ዓይነት ሳይክል በአንድ ዓይነት ዋጋ ለሁለት ከተማ ልጆች ተገዝቶ ለአንዱ በቂ፣ ለሌላው በቂ ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ይህን ነጋዴ አይነግርም፤ መንገዱን የሚያውቀው ወላጅ ነው።

ውድ ከሆነ ግን አደጋ የለውም የሚል ካለ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ታሪክ ያንብብ። የአሜሪካው ሽዊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ስቲንግ ሬይ፣ ቆይቶም የእንግሊዙ ራሌይ ያወጣው ቾፐር፣ በዘመናቸው የልጅ ሁሉ ምኞት ነበሩ። መሪያቸው እንደ ሞተር ሳይክል ረጅም፣ መቀመጫቸው እንደ አግዳሚ ወንበር የተዘረጋ ነበር። አንዳንዶቹ ሞዴሎች የማርሽ ዘንጋቸው በእግሮች መሀል ባለው ብረት ላይ ቆሞ ነበር። ልጁ ድንገት ፍሬን ይዞ ወደ ፊት ሲንሸራተት ዘንጉ የሚያገኘው የት እንደሆነ መናገር አያሻም። መቀመጫው ረጅም ስለሆነ ጓደኛ ይጫንበታል፤ ጓደኛው ከኋላ ሲቀመጥ የፊት ጎማው ይቀልላል፤ ሳይክሉ ይወላገዳል። ራሌይ በ1972 መቀመጫውን አሳጥሮ ወደ ፊት ለማምጣትና መሪውን ለማስተካከል ተገደደ። አሜሪካም በዚያው አሥርት ዓመት ባወጣችው የብስክሌት ደንብ በዚያ ብረት ላይ የቆመ ዘንግ እንዳይኖር ከለከለች። ቾፐር በገበያው ርካሽ አልነበረም። ልጆቹን የጠበቃቸው ዋጋው ሳይሆን ደንቡ ነው።

ዛሬ በእነዚያ ቦታ የተተካው የተራራ ብስክሌት አስመሳዩ ነው። ከፊት ሞላ፣ ከመቀመጫው ሥር ሞላ፣ 18 ወይም 21 ማርሽ፣ ወፍራም ጎማ፣ በላዩ ላይ እሳት የሚመስል ተለጣፊ ምስል። ይህ ሁሉ በተራው ሳይክል ዋጋ ላይ ጥቂት ተጨምሮ ይሸጣል። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፤ በተወሰነ ገንዘብ ብዙ ክፍል ከተገጠመ እያንዳንዱ ክፍል መርከስ አለበት። ሞላው አንድም ድንጋይ ሳያለዝብ ኪሎ ይጨምራል። ማርሹ በሳምንቱ መዝለል ይጀምራል፤ ልጁም ሁለቱን ብቻ እየተጠቀመ ይኖራል። ያንኑ ገንዘብ ማርሽም ሞላም ለሌለው ሳይክል የከፈለ ሰው የተሻለ ኩሽኔታና የተሻለ ፍሬን ያገኛል። ከርካሽ ሳይክሎች ሁሉ መራቅ ያለበት ይህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ያሉ መካኒኮች ይህንኑ ሲጮሁ ሰንብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ከዴንቨር ከተማ በተነሣ አቤቱታ፣ መካኒኮቹ ዋልማርትና ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ለመሰበር የተሠሩ ብስክሌቶችን ማምረትና መሸጥ እንዲያቆሙ ጠይቀዋል። አንዳንዶቹ ከ90 ሰዓት መነዳት በላይ አይዘልቁም የሚል ነበር ክሳቸው፤ ሲበላሹም ለመጠገን የሚሆን ክፍል የላቸውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አትላንታ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ በገና ሰሞን ከእነዚያ መደብሮች መደርደሪያ ፊት ሲቆም የሚገጥመው ጥያቄ ከመርካቶው አይለይም። ልዩነቱ እዚያ ከሦስት መንገድ ማዶ፣ የጎረቤት ልጅ ያደገበት ደህና ሳይክል በጥቂት ዶላር መገኘቱ ነው።

አቤቱታው አንድ ጥሩ መለኪያ ሰጥቷል፤ ይጠገናል ወይ? ርካሽ ሆኖ የሚጠገን ሳይክል ከሦስት ልጅ በኋላም ይሸጣል። ብሎኑ በተራ ቁልፍ የሚፈታ፣ ኩሽኔታው ግራሶ ተቀብቶ የሚመለስ፣ የፍሬን ሽቦው የሰፈር ሳይክል ሠሪ ዘንድ የሚገኝ ከሆነ ዕድሜ አለው። ሁሉ ነገሩ በፕላስቲክና በተበየደ ብረት የታሸገው ግን በዓመቱ ቆሻሻ ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ለሳይክል ሠሪው ቢያሳየው አይከፋም። እነዚህ ሰዎች የትኛው ሞዴል በየሳምንቱ እንደሚመጣባቸው፣ የትኛው ዓመት ሳይመጣ እንደሚቆይ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሳይክል ሠሪው ለሌላም ይፈለጋል። የርካሽ ሳይክል ግማሽ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፤ የአገጣጠሙ ነው። በሩብ ሰዓት የተገጣጠመ ሳይክል ላይ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወደ ኋላ ዞሮ የተገጠመበት ጊዜ አለ። ቅስቱ ወደ ፊት መሆን ሲገባው ወደ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፍሬኑም በስተኋላው ይውላል። ሳይክሉ ይሄዳል፤ ነገር ግን መሪው እንደሚገባው አይታዘዝም፤ ልጁም ሲዞር እግሩ ከጎማው ይጋጫል። ሌላው የተለመደ ጥፋት የግራ ፔዳል ነው። የግራው ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ገጣጣሚ በጉልበት ያስገባዋል፤ የጥርሱ ብረት ይበላል፤ ከወር በኋላ ፔዳሉ ከነልጁ እግር ይወድቃል። ያን ጊዜ «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይሰደባል።

መሪውን መፈተሽ ደግሞ ሁለት ጉልበት ብቻ ይጠይቃል። የፊት ጎማውን በጉልበት መሀል ቆንጥጦ መሪውን ግራና ቀኝ ማጠማዘዝ ነው፤ መሪው ለብቻው ከዞረ ብሎኑ አልጠበቀም። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሳይክሉን ወደ ፊት መግፋት፤ ጎማው ከተንከባለለ ፍሬን የለም ማለት ነው። የፍሬን መያዣው መሪውን እስኪነካ ድረስ ከተጨበጠ ሽቦው ላልቷል። ጎማውን አንስቶ ማሽከርከር፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ፍሬኑን ከነካ ቸርኬው ጠማማ ነው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ሁሉም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሳይክል መግዛት ለማይችለው ልጅ የሰፈር ኪራይ አለ። ሜዳ ዳር አራት አምስት ሳይክል ደርድሮ በደቂቃ ወይም በዙር የሚያከራይ ወጣት ለብዙ የከተማ ልጅ የመጀመሪያ አስተማሪው ነው። ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባል። ሳይክሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ፍሬናቸው ወልቆ ያለቀ ነው፤ ልጆቹ የሚያቆሙት የጫማቸውን ሶል የኋላ ጎማው ላይ እየጫኑ ነው። ሜዳ ላይ ይህ ያስቃል። አከራዩ ከሳምንት ገቢው ትንሽ ቆንጥሮ የፍሬን ሽቦና ጎማ ቢቀይር፣ ወላጅም ሲከፍል ይህን ቢጠይቅ ለሁለቱም ይበጃል።

ገና ለሚማሩ ትንንሽ ልጆች ደግሞ አንድ ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚገጠሙት ደጋፊ ጎማዎች ልጁን ፔዳል መምታት እንጂ ሚዛን መጠበቅ አያስተምሩትም፤ ሲወልቁ ትምህርቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ያወጣው የብስክሌት አባት ፔዳል አልነበረውም፤ ሰውየው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ነበር የሚሄደው። ሀብታሞቹ ሀገሮች ዛሬ ያንን በትንሹ ሠርተው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጆች በውድ ይሸጡታል። ርካሹን ሳይክል ይዞ ሁለቱን ፔዳሎችና ደጋፊ ጎማዎቹን ማስፈታት፣ ኮርቻውን ማውረድ ያው ነው። ልጁ ለጥ ባለ ቦታ በእግሩ እየገፋ ሲንሸራተት ይሰነብትና ሁለቱን እግሮቹን አንስቶ መቆየት የቻለ ቀን ፔዳሉ ይመለስለታል። የግራው ጥርስ ተቃራኒ መሆኑ እንዳይረሳ።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከሳይክሉ ላይ ቀንሶ ሄልሜት መግዛት ይሻላል። ከዓመታት በፊት የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የጭንቅላትና የአንጎል ጉዳትን ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ከዓለም ጤና ድርጅት እንደሚሰማው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሰዎች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ውድ ሳይክል ገዝቶ ራስ መከላከያውን መተው የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ደህና ኑሮ ያላቸው ቤቶች የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው።

ሳይክል ለልጅ ቅንጦት ነው የሚሉ አሁንም አሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ በተካፈለችበት የመጀመሪያ ኦሊምፒኳ ብስክሌተኞች አሰልፋ ነበር። ከትግራይ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከአስመራ የወጣው ቢንያም ግርማይ በ2024ቱ ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል። እነዚህ ሰዎች ያደጉት ብስክሌት መንዳት ተራ ነገር በሆነባቸው ከተሞች ነው። በየቤቱ ልጅ ሁሉ ውድድር ይግባ ማለት አይደለም፤ ከተማው ውስጥ ብዙ ሳይክል ሳይኖር ግን ጥቂት ብስክሌተኛ አይወጣም። ብዙ ሳይክል ደግሞ በውድ ዋጋ አይገኝም።

አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ለዚህ በር መክፈት ጀምራለች። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በተወሰኑ እሑዶች አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለልጆች ተለቀዋል። በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ልጆቹም ወጥተዋል። እነዚህ መስመሮች ላይ የሚታዩት ሳይክሎች አብዛኞቹ ርካሾቹ ናቸው፤ ይህም ደግ ነው። ለመንገዱ የታሰበውን ያህል ግን በመንገዱ ላይ ለሚሄደው ዕቃ የታሰበ አይመስልም።

ለልጆች ብስክሌት የወጣ አይ.ኤስ.ኦ. 8098 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ኮርቻቸው ከ43.5 እስከ 63.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላላቸው ነው። ሙሉውን በአንድ ቀን ማስፈጸም ላይቻል ይችላል። የደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የንግድ ሚኒስቴሩ ከወደብ በሚገባው ካርቶን ላይ ከሁለት ነገር ቢጀምሩ ግን ይበቃ ነበር፤ ከሁለት የሚሠራ ፍሬን በታች ያለው የልጅ ሳይክል እንዳይገባ፣ በካርቶኑም ውስጥ ሹካው በየት እንደሚዞርና የግራ ፔዳል በየት እንደሚጠብቅ በሥዕል የሚያሳይ አንድ ወረቀት በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች እንዲኖር። አስመጪዎች ዋጋ ይጨምራል ይሉ ይሆናል። የፊቱን ሞላ፣ ተለጣፊውን የእሳት ሥዕልና ቅርጫቱን ቀንሰው በምትኩ የልጅ ጣት የሚደርስበት የፍሬን መያዣ ቢያዙ ዋጋው ከዛሬው ብዙም አይርቅም፤ ፋብሪካዎቹም አውሮፓ ለሚልኩት ዕቃ ይህንኑ መያዣ እየገጠሙ ነው።